ሰባት ፊትና አንድ ገመድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ዓመት የሠራውን የኮምፒውተር ጌም ለሽያጭ አወጣ። በአርባ ቀን ውስጥ ዘጠና ሺህ ሰው በጌሙ ሽፋን ፊት አለፈ። ተጭኖ የከፈተው ሁለት መቶ ስድሳ ሰው ነው።

ጋሽ መርሻ ነገሩን የጀመሩት በእነዚህ ቁጥሮች ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በጋዜጣ ሪፖርተርነት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ ማሠልጠኛ ዜና አጻጻፍ ያስተምራሉ። ከፊታቸው የተቀመጠችው ትርሲት የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። ጌም ለመሥራት የመድን ድርጅት ሥራዋን ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ደኑ የተቃጠለበት የንብ መንጋ አዲስ መኖሪያ ሲፈልግ የሚያሳየው ጌሟ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ለሽያጭ ይወጣል። የመሸጫ ገጹ ከተከፈተ ግን ሦስት ሳምንት አልፏል፤ የሚነካው ሰው የለም። የድሮ አለቃዋ ተመልሳ የምትገባበት ክፍት ቦታ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚያቆይላት ነግሯታል። ከዚያ በኋላ አያቆይም።

ወደ እሳቸው የመጣችው አንድ ጥያቄ ይዛ ነው።

«ጋሼ፣ ያሳየሁት ሰው ሁሉ ሽፋኑን ወዶታል። እርስዎም ባለፈው ሐሙስ ስልኬ ላይ አይተው ‹ጥሩ ነው፣ በርቺ› ብለውኛል። የማያውቀኝ ሰው ግን ዞር ብሎ አያየውም። እዚህ መሀል የሚዋሸኝ ሰው አለ። ማነው?»

ማንን እንደምትጠረጥር ጠየቋት። ጌሙ የሚሸጥበትን የኢንተርኔት መደብር እንደምትጠረጥር ነገረቻቸው፤ ከዚህ አገር የወጣ ሥራ ከታች ይቀብራሉ ሲባል ሰምታለች። አብሯት ጀምሮ የተጣላትን አንድ ልጅም ትጠረጥራለች፤ ሰው እየላከ ገጿን እንደሚያስነቅፍ ታስባለች። ማስረጃ አላት ወይ ሲሏት እንደሌላት አመነች።

ጋሽ መርሻ አልገፉባትም። ከአንቺ የረዘመ የተጠርጣሪ ዝርዝር ስለነበረው ሰው ልንገርሽ አሏት፤ የማውቀውን ብቻ እነግርሻለሁ፣ ከራሴ አልጨምርም።

ሰውየው ጌሙን «ማዶ» ብሎታል። መሀሉ የተሰበረ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከሥሩ ገደል ነው። ተጫዋቹ ከወዲህኛው ጉማጅ ላይ ቆሞ መንገደኞችን በገመድ እየጎተተ ያሻግራል። ነፋሱን ያያል፣ የሰውን ክብደት ይገምታል፣ ገመዱ ሲላላ ያጠብቃል። መንገደኞቹ ሰባት ናቸው፤ ነጋዴ፣ ሙሽራ፣ ቄስ፣ ወታደር፣ አዋላጅ፣ ዳኛና በቅሎ የጠፋበት አንድ ባላገር። ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው ስለ ራሳቸው ያወራሉ። ድምፃቸውን የሰጡት የሰውየው ጓደኞችና ዘመዶች ናቸው። ለስምንት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ አንድ ሳንቲም ሳይጠይቁ ሠሩለት።

ሽፋኑን እንድትሥል አንዲት ሠዓሊ ቀጠረ። ሴትየዋ የምትተዳደረው የሱቅ ማስታወቂያ በመሣልና የጭነት መኪና ጎን ላይ በመጻፍ ነው። በዚህ ሥራ ወይ ሰው እያለፈ ነው ሥዕሉን የሚያየው፣ ወይ ሥዕሉ እያለፈ ነው የሚታየው። ጌሙን ግማሽ ቀን ተጫወተችና በሳምንቱ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ቢጫ ሰማይ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር የድልድይ ጉማጅ፤ በመካከላቸው አንድ የተወጠረ ገመድ፤ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሰው። ከሥሩ «ማዶ» የሚል በወፍራሙ የተጻፈ ነጭ ፊደል። ሌላ ምንም የለበትም።

ሰውየው ብዙ አየውና «ሰዎቹስ?» አላት።

ሰዎቹ ውስጥ ናቸው አለችው። እሱ ግን ሌላ ነገር ያሳስበው ነበር። ሰባት ሰው በነፃ ደክሞለታል። ማንን አስገብቶ ማንን ይተዋል? አዋላጇ የገዛ አክስቱ ናት። እሷን ትቶ ሙሽራዋን ቢያወጣ በምን ዓይኑ የአክስቱን በር ያንኳኳል? ባላገሩን ቢተው፣ ባላገሩ የሚስቱ ወንድም ነው። ስለዚህ ሰባቱም ይውጡ አለ። ፏፏቴውም ይታከል፣ ድልድዩም ሙሉውን ይታይ፣ ጀምበሯም ስትጠልቅ ትታይ። ፊደሉ ደግሞ እንደ ብራና ጽሕፈት በጥበብ ተጽፎ ዙሪያውን በሐረግ ያጊጥ።

ሠዓሊዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተከራከረችው። «ፀጉር ቤት በር ላይ የምሥለው መቀስና ማበጠሪያ ነው» አለችው። «የፀጉር አስተካካዩን ቤተሰብ ሥዬ አላውቅም።»

ሳቀ። ትእዛዙን ግን አልለወጠም። እሷም የታዘዘችውን ሠራች፤ በደንብ ሠራችው፤ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ስታስረክበው አንድ ነገር ለመነችው፤ ስሟ ሽፋኑ ላይም ሆነ ጌሙ ውስጥ እንዳይጻፍ። ሰውየው ትሕትና መስሎት እሺ አለ።

ጌሙ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሰባቱን ምሳ ጠርቶ ሽፋኑን በሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥን አሳያቸው። ሁሉም የየራሱን ፊት ፈልጎ አገኘ። አክስቱ ተነሥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋችና ሠዓሊዋ ሃያ ዓመት እንደቀነሰችላት ተናገረች። ባላገሩ ጢሙ አነሰ ብሎ ተከራከረ፤ ተሳቀ። እጅህ ይባረክ ተባለ። ተጨናንቋል፣ ይምታታል፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም ያለ የለም። ሦስት ዓመት የደከመን ሰው፣ ቤቱ ጠርቶ አብልቶሽ፣ ፊትሽንም አሥሎ እያሳየሽ እንዲህ አይባልም።

«ይህን ልብ በይ» አሏት ጋሽ መርሻ። «ከሰባቱ አንዱም አልዋሸም። የጠየቃቸው ‹አምሯል ወይ?› ብሎ ነው። አምሯል። ያልተጠየቁትን አልመለሱም።»

ከዚያ ማክሰኞ መጣ፤ ከዚያም አርባው ቀን።

መጀመሪያ የተጠረጠረው መደብሩ ነው። ሰውየው በሠላሳኛው ቀን ሥራዬን ደብቃችሁብኛል ብሎ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። በአርባኛው ቀን መልስ መጣ፤ አንድ ሠንጠረዥ ነበር። ሽፋኑ በስንት ሰው ፊት እንዳለፈ፣ ስንቱ እንደከፈተው ቀን በቀን ተጽፏል። ሠንጠረዡን ሦስት ጊዜ አነበበና እሱንም ጠረጠረው። ዘጠና ሺህ ሰው አይቶት ዝም አይልም አለ፤ ቁጥሩን ከኪሳቸው አውጥተው ነው።

ቀጥሎ ወዳጆቹን ጠረጠረ። ይህ ሁሉ ሙገሳ ከልብ ቢሆን ለሌላ ሰው ይነግሩ ነበር ብሎ አሰበ። ጌሙን ተጫውተውት እንደሆነ በዘዴ እየደወለ መረመራቸው፤ ዳኛው ሲሻገር ነፋሱ ከየት ይነሣል? ቄሱ መሀል ላይ ሲደርስ ምን ይጥላል? ሁለቱ መመለስ አቃታቸው። በሰኔ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ሁለቱን አልጠራቸውም። እነሱ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አያውቁም።

መጨረሻ ላይ ሠዓሊዋ ትዝ አለችው። ስሟ። ሰው ከገዛ ሥራው ላይ ስሙን የሚሰርዘው ለምንድነው? ሥራው ውስጥ ያለውን ነገር ቢያውቅ ነው። የመጀመሪያውን ካርቶን ስለመለሰባት ቂም ይዛ አበላሽታዋለች፤ ነገሩ ሲወጣም እንዳይነካት ስሟን ቀድማ አወጣች። ሰኞ ይህ ጥርጣሬ ነበር። ረቡዕ ለሚስቱ ሲነግራት ዜና ሆኖ ነበር።

ጋሽ መርሻ እዚህ ላይ ቆም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። መጠርጠሩን አልነቅፍበትም አሏት፤ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት በመጠርጠር ነው። ሰውየው ግን የጠረጠረው ሰው ብቻ ነው። ሽፋኑን አንድ ቀን አልጠረጠረውም።

ዓርብ ጠዋት ሊጋፈጣት ሄደ። ሠዓሊዋ መሰላል ላይ ሆና የአንድ ጎሚስታ በር ላይ ጎማ ስትሥል አገኛት። ከሥር ቆሞ፣ ጎሚስታውና ደንበኞቹ እየሰሙ፣ ስምሽን ለምን ደበቅሽ አላት። ቀስ ብላ ወረደች። እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«የኔ ስላልሆነ ነዋ። ያዘዝከኝን ነው የሣልኩት። ያዘዘ ስሙን ይጻፍበት።»

አበላሽተሽኛል አላት። እሷ ስልኩን እንዲሰጣት ጠየቀችው፤ የራሷን አላወጣችም። መደብሩን ከፈተች፣ አዲስ ጌሞች የተደረደሩበትን ገጽ አወጣችና መልሳ ሰጠችው።

«ጌምህን አግኝልኝ» አለችው።

በገጹ ላይ ሽፋኖቹ ረድፍ በረድፍ ናቸው፤ እያንዳንዱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ሰውየው በጣቱ እየገፋ ወረደ። ከታች ሲደርስ የለም አላት። አለፍከው አለችው። ወደ ላይ ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ። ሁለተኛም አለፍከው አለችው። ጎሚስታው ጎማውን ትቶ ቀረበ። ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድ፣ ሠዓሊዋ ቀለም የነካውን ጣቷን ስልኩ ላይ አስቀመጠች።

ስልኩን እስከ አፍንጫው አስጠጋው። ሰባቱ ፊቶች ሰፌድ ላይ የተበተነ ሽንብራ መስለዋል። ፏፏቴው ነጭ ነጠብጣብ ነው። ሐረጉ ፊደሉን ውጦታል፤ «ማዶ» የሚለውን ማንበብ አይቻልም። ይህን ሥዕል ያዘዘው እሱ ነው። ሲፈልገውም ነበር። ሦስት ጊዜ አልፎት ሄደ። ዘጠና ሺው ሰዎች ደግሞ እየፈለጉት አልነበረም።

ሠዓሊዋ ስልኩን ለጎሚስታው አሳየችው። ጌም የሚባል ነገር ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያምራል ወይ ብላ አልጠየቀችውም። ምንድነው ብላ ነው የጠየቀችው።

ጎሚስታው ዓይኑን አጥብቦ አየና «የዕድር ኮሚቴ ነው?» አላት።

ሰውየው የመጀመሪያው ካርቶን የት እንዳለ ጠየቀ። እቤቷ የቀለም ጣሳዎች ከድናበት ነበር። አመጣችው። በስልክ ፎቶ አነሣችው፣ አሳነሰችው፣ ከሌሎቹ ሽፋኖች መሀል አስገብታ ለጎሚስታው ሰጠችው።

«ይሄስ?»

«ሰውየው በገመድ እየተሻገረ ነው» አለ ጎሚስታው። ቀጥሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ማነው ከወዲህ የሚይዝለት? ይወድቃልኮ» አላት።

ቅዳሜ ዕለት ሰውየው ሽፋኑን ለወጠ። ጌሙ ውስጥ አንድ መስመር አልነካም። ዋጋውንም አልነካም። በሚቀጥለው አርባ ቀን ሰማንያ አራት ሺህ ሰው በሽፋኑ ፊት አለፈ፤ የከፈተው አምስት ሺህ አንድ መቶ ነው። ጌሙን ገመዱ ብቻውን ሸጠው አልልሽም፤ አላውቅም። መጥፎ ጌም ቢሆን ገብተው ይወጡ ነበር። የማውቀው ሁለቱን ቁጥሮች ነው፤ በመካከላቸው የተለወጠውም ነገር አንድ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ሌላ ነገርም አለ። የገቡት ሰዎች በመጀመሪያው ደቂቃ እጃቸው ላይ ያገኙት ያንኑ ገመድ ነው። በር ላይ መቀስ አይተሽ ገብተሽ፣ ውስጥ ሥጋ ቤት ብታገኚ ትወጫለሽ፤ ለጎረቤትም ትነግሪያለሽ።

የቀረው ይቅርታው ነበር። ሰውየው ፊታቸውን ከሽፋኑ ላይ ያወረደባቸው ሰባት ሰዎች ይቀየሙኛል ብሎ ፈራ፤ በየቤታቸው ዞረ። ስድስቱ ሽፋኑ መለወጡን አላወቁም ነበር። አክስቱ ዘንድ ሲደርስ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ገና አፉን ሲከፍት፣ አክስቱ ቀድማ ይቅርታ ጠየቀችው። ጌሙ በወጣ ቀን ስልኳ ላይ ራሷን ፈልጋ ፈልጋ አጥታ፣ ሌላ ጌም ነው ብላ ትታው ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም አላት።

«እንዳይከፋህ ብዬ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

ጋሽ መርሻ ሰውየውን እዚያ ላይ ተዉት። ጋዜጣ ቤት በነበርኩ ጊዜ አንድ አዘጋጅ ነበረን አሏት፤ ቁጡ ሰው ነው፣ ማንም አይወደውም። የመጀመሪያውን ገጽ ጠረጴዛ ላይ አያይም ነበር። ወለሉ ላይ ያነጥፈዋል፣ በላዩ ላይ ድንጋይ ያደርግበታል፣ ጫማውን አድርጎ ቆሞ ያየዋል። አንዳንዴም ከበሩ ገብቶ በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል። ያበደ ይመስለን ነበር። ጋዜጣው የሚሸጠው እግረኛ መንገድ ላይ ተነጥፎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ገዢው ቆሞ እንደሚያየውም እናውቃለን። ተቀምጠን የምናየው እኛ ብቻ ነበርን።

ከዚያ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ያ ሰው አንቺ ነሽ» አሏት። «ትልቁ ቴሌቪዥን በክንድሽ ርቀት ያስቀመጥሽው የኮምፒውተርሽ መስኮት ነው። ሰባቱ ዘመዶች ሽፋንሽን ያሳየሻቸው ሰዎች ናቸው፤ ስምሽን ያውቃሉ፣ ሁለት ዓመት መድከምሽን ያውቃሉ፣ ሥራ መልቀቅሽንም ያውቃሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሽፋኑን አያይም፤ የሚያየው አንቺን ነው። መደብሩ መስታወት ነው፤ መስታወት ትጣያለሽ እንዴ? ያ የተጣላሽ ልጅ ደግሞ፣ ሰውየው በሠዓሊዋ ስም ከያዘው የበለጠ ማስረጃ የለሽበትም። አሥራ ሁለት ቀን አለሽ። ሽፋንሽን ጥፍር ያህል አሳንሺው፣ ከሌሎች መሀል አስገቢው፣ ስምሽን የማያውቅ አንድ ጎሚስታ ፈልጊ። ያምራል ወይ እንዳትዪው። ምንድነው በይው፤ መልሱን ጻፊ፤ አትከራከሪው።»

ትርሲት ስልኳን አወጣች። ንቦቿ ያሉበትን ሽፋን አሳነሰችው፤ ጥፍር እስኪያህል አሳነሰችው። ብዙ አየችው። በሽፋኑ ላይ መንጋው አለ፣ የተቃጠለው ደን አለ፣ አሥራ አራት ዓይነት አበባ አለ፣ ወንዝ አለ፣ አሳዳጇ ወፍም አለች። ስልኳን ጭኗ ላይ አደረገች።

አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። እንደዚህ ከሆነ የዋሸኝ ሰው የለም ማለት ነው?

«የሰውየው ሰባት ዘመዶች አልዋሹም አልኩሽ» አሏት ጋሽ መርሻ። «ቢያንስ አይተውት ነበር። አንቺን የዋሸሽ ግን አንድ ሰው አለ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ፣ በእሷ በኩል አስቀመጡት።

«ይህ መነጽር ባለፈው ሐሙስ ጥገና ላይ ነበር። ያወጣሁት ሰኞ ነው።»